ማሳጅ ስንት ብር ይሁን? ጎንደር ላይ ለምትሠሩ የዋጋ ምርጫዎች

ጎንደር ላይ ማሳጅ ቤት የሚከፍት ሰው ዋጋ የሚያወጣው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ መንገድ ነው። ጓደኛውን ደንበኛ አስመስሎ ፒያሳ አካባቢ ወዳሉ ሁለት ሦስት ቤቶች ይልካል፣ ዋጋ ያስጠይቃል፣ ከዚያ ሃምሳ ብር ቀንሶ በሩ ላይ ይለጥፋል። አለቀ። ከወራት በኋላ ቀጠሮው ሞልቶ፣ አውራ ጣቱ አብጦ፣ ኪሱ ግን ባዶ ሆኖ "ይሄ ሥራ አያዋጣም" ይላል። ሥራውስ ያዋጣል፤ ዋጋው ግን የተቆረጠው በሌላ ሰው ወጪ ላይ ተመሥርቶ ነው።

ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች አንድ በአንድ እያየን እናወዳድራቸዋለን። የምጠቅሳቸው ቁጥሮች ለስሌት ማሳያ ናቸው፤ የጎንደር ገበያ ዋጋ ብላችሁ እንዳትይዟቸው። የራሳችሁን ቁጥር እያስገባችሁ ተከተሉኝ።

ጎረቤትን መከተል ወይስ ከራስ ወጪ መነሳት

ጎረቤትን መከተል ቀላል ነው፣ ደግሞም ጥቅም የለውም አይባልም። የሰፈሩ ሰው ምን ያህል መክፈል እንደለመደ ይነግራችኋል። ግን ያ ጎረቤት ቤቱ የአባቱ ሊሆን ይችላል፣ ኪራይ የሚባል ነገር አያውቅም። ወይ አልጋውንና ፎጣውን ከሚዘጋ ሆቴል በርካሽ አግኝቶት ይሆናል። ወይ ደግሞ እሱ ራሱ ከእሱ በፊት የነበረውን ጎረቤት ተከትሎ ነው ዋጋ ያወጣው፤ ያኛውም የሌላውን።

ከራስ ወጪ መነሳት አሰልቺ ነው። ደብተርና ካልኩሌተር ይዞ አንድ ማታ መቀመጥ ይጠይቃል። እስኪ አንድ ክፍል ተከራይታ ብቻዋን የምትሠራ ባለሙያ እናስብ። በወር ኪራይ 9,000 ብር። መብራትና ውሃ 1,500። ፎጣና አንሶላ ለምታጥብላት ሴት 3,000። ስልክና ኢንተርኔት 700። ንግድ ፈቃድና ግብር በየወሩ ሲከፋፈል 800። አልጋው፣ ፎጣው፣ መደርደሪያው 36,000 ብር ፈጅቶ በሦስት ዓመት ይለወጣል ብንል በወር 1,000። ድምሩ 16,000 ብር ነው። ይህ ደንበኛ መጣም ቀረም የሚወጣ ገንዘብ ነው።

እዚህ ላይ ሁሉም ሰው የሚረሳው አንድ ወጪ አለ፤ የራስ ደመወዝ። "የተረፈው የኔ ነው" ይባላል፤ ብዙ ጊዜ የሚተርፍ ነገር የለም እንጂ። ሌላ ቦታ ተቀጥራችሁ ብትሠሩ የምታገኙትን ጻፉ። ለምሳሌያችን 18,000 ይሁን። ስለዚህ በየወሩ መግባት ያለበት 34,000 ብር ነው።

ከዚህ ሌላ ደግሞ ሰው በመጣ ቁጥር የሚወጣ አለ፤ ዘይት፣ ሳሙና፣ ሶፍት፣ ለአንሶላ ማጠቢያ የሚሆን ውሃ። ለአንድ ሰው 80 ብር እንበል። ውሃን አቃላችሁ እንዳታዩት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባት ከተማ አንሶላና ፎጣ በየደንበኛው የሚቀይር ሰው ወይ ሮቶ መትከል አለበት ወይ በጀሪካን መግዛት። አዲስ አበባ ያለ ጓደኛችሁ የሠራላችሁ ስሌት ውስጥ ይሄ የለም።

ዘይትም እንደዚያው ነው። ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ከውጭ በሚገባ የማሳጅ ዘይት የምትሠሩ ከሆነ ያኔ ያወጣችሁት ዋጋ ዛሬ የሞተ ዋጋ ነው። የአገራችን ሰሊጥ ግን በመተማና በሁመራ በኩል እዚሁ አጠገባችን ነው፤ ሳይቆላ የተጨመቀ የሰሊጥ ዘይት ለማሳጅ ጥሩ ነው፣ ሽታውም አይከብድም። ሁለት ነገር ብቻ ልብ በሉ፤ አንሶላ ላይ እድፍ ይተዋል፣ ሰሊጥ አለርጂ ያለበት ሰውም አለ፤ ስለዚህ ሳትጠይቁ አትቀቡ። የኑግ ዘይትን ግን ለወጥ ተዉት።

የተከፈተ ሰዓት ወይስ የተሸጠ ሰዓት

የዋጋው ነገር የሚወሰነው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ቤቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ማታ አሥራ ሁለት ክፍት ነው እንበል። አሥር ሰዓት ነው። በወር 26 ቀን ሲሠራ 260 ሰዓት ይሆናል። አንዳንዱ 34,000ን ለ260 ያካፍልና "በሰዓት 130 ብር ብቻ ነው የሚያወጣኝ" ብሎ ደስ ይለዋል። ግን ማን ነው በቀን አሥር ሰው የሚያሽ? እጅ ነው፣ ማሽን አይደለም። በቀን አምስት የአንድ ሰዓት ማሳጅ ለዓመታት እጅን ሳይጎዳ ሊሠራ የሚችል መጠን ነው ብዬ ነው የማስበው፤ ስድስት ሰባት የሚሠሩ አሉ፣ አንጓቸውንና አውራ ጣታቸውን ጠይቋቸው። አምስት በ26 ቀን 130 ነው። ጣሪያው ይሄ ነው።

ጣሪያው ደግሞ አይሞላም። ሰኞ ጠዋት ማን ይመጣል? ዝናብ አለ፣ መብራት ይጠፋል፣ ለቅሶ አለ፣ መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ። ከጣሪያው 60 በመቶ ከሸጣችሁ ጥሩ ነው። 78 ደንበኛ ማለት ነው።

አሁን አካፍሉ። 34,000 ለ78 ሲካፈል 436 ብር ገደማ። የዘይቱና የሳሙናው 80 ሲጨመር 516። ለክፉ ወርና ለማስፋፊያ 15 በመቶ ብትጨምሩበት 593 ይመጣል፤ 600 በሉት። በ130 ሰው ያሰበችው ባለሙያ ግን የወጣላት ወጪ 342 ብር ነው፣ ስለዚህ በ400 ስትሠራ አትራፊ ይመስላታል። በ78 ሰው ስናየው በወር የምታስገባው 31,200 ነው። ከዚያ ለዘይትና ለሳሙና 6,240፣ ለቤቱ 16,000 ሲወጣ የሚተርፋት 8,960 ብር ነው። ለራሷ ካሰበችው 18,000 ግማሹ እንኳ አይሞላም። ወር ሙሉ ወገቧን አጉብጣ።

"600 ብር ብል ደንበኛ ይሸሻል" ትሉኛላችሁ። ይሽሽ፣ ግን ስንት ሰው ቢሸሽ ነው የምትጎዱት? በ400 ስትሠሩ ከአንድ ሰው እጃችሁ ላይ የሚቀረው 320 ነው፤ በ600 ደግሞ 520። በ400 ከ78 ሰው የምታገኙትን በ600 ከ48 ሰው ታገኙታላችሁ። 30 ሰው ቢቀርባችሁ እንኳ ገንዘቡ እኩል ነው፣ እጃችሁ ግን 30 ሰዓት አርፏል። ቅናሽ ደግሞ በተቃራኒው ይሠራል። ከ600 ላይ 20 በመቶ ቀንሳችሁ 480 ብታደርጉት፣ ያንኑ ገንዘብ ለማግኘት 78 ሳይሆን 102 ሰው ማሸት አለባችሁ። "በቅናሽ ደንበኛ እስብና በኋላ እጨምራለሁ" የሚለው እቅድ ብዙ ጊዜ የማይሳካው በዚህ ነው፤ ሁለተኛው እርምጃ ጋ ከመድረስ በፊት እጅ ይደክማል።

አንድ ነገር ሳልረሳው። ቫት ተመዝጋቢ ከሆናችሁ 600 ብር ቫትን ጨምሮ ነው ወይስ ሳይጨምር? ጨምሮ ከሆነ 15 በመቶው ተነሥቶ የእናንተ የሚሆነው 522 ብር ገደማ ነው። ከላይ ወጪው 516 እንደሆነ አይተናል። ትርፉ ከሞላ ጎደል ሄደ ማለት ነው። ዋጋውን ከመለጠፋችሁ በፊት ይህን ወስኑ።

በደቂቃ ወይስ በማሳጅ ዓይነት

አንዳንድ ቤት የስዊድን የሚባለው ለስለስ ያለው ማሳጅ ይህን ያህል፣ ጠንከር ያለው ይህን ያህል፣ የስፖርቱ ይህን ያህል እያለ ረጅም ዝርዝር ይለጥፋል። ሲታይ ሙያ ያለበት ይመስላል። ሥራ ላይ ግን ጣጣ አለው። ደንበኛው ርካሹን ይከፍልና አልጋው ላይ ተኝቶ "እስኪ ትከሻዬ ላይ ጠበቅ አድርጊው" ይላል። አሁን ምን ልትሉ ነው? "ጨምር" ልትሉት ነው በተኛበት? ይሉኝታ ይይዛችኋል፣ በነጻ ታጠብቁለታላችሁ።

ስለዚህ እኔ በደቂቃ ማስከፈልን እመርጣለሁ። ጠንከር ያለም ለስለስ ያለም አንድ ዋጋ። ደንበኞቻችሁ አብዛኞቹ ጠንከር ያለውን የሚፈልጉ ከሆነ መነሻ ዋጋውን ከፍ አድርጉ፣ በቃ። ለብቻ ማስከፈል ያለባችሁ ለብቻ ወጪ ያለውን ነው፤ ትኩስ ድንጋይ፣ ስቲም፣ ወይባ የምታሞቁ ከሆነ ወይባው።

በደቂቃ ስታስከፍሉ ግን ግማሽ ሰዓት ግማሽ ዋጋ አይደለም። ደንበኛ ገብቶ ልብሱን እስኪያወልቅ፣ ወጥቶ አንሶላው እስኪቀየር ቢያንስ 15 ደቂቃ ይሄዳል፣ ለ30 ደቂቃውም ለ60ውም እኩል ነው። ስለዚህ የ60 ደቂቃው ማሳጅ በትክክል የሚይዘው 75 ደቂቃ ነው፤ 600 ለ75 ሲካፈል በደቂቃ 8 ብር። የ30ው 45 ደቂቃ ይይዛል፣ 360 ብር ይሆናል። የ90ው 105 ደቂቃ፣ 840። የ90ውን ግን በ840 አልሸጥም፤ ክፍሉ ቢያተርፍም እጅ ያለ እረፍት ነው የሚሠራው። 900 ልበለው።

የ30ውም 360 ሳይሆን 400 ቢሆን ይሻላል። ምክንያቱ ዝርዝር ነው። 400 ሁለት ባለ 200 ብር ኖት ነው፣ 600 ሦስት። "ዝርዝር የለኝም፣ ነገ እከፍላለሁ" የሚባል ነገር አይኖርም። 599 ብላችሁ የምትጽፉም አላችሁ፤ ጎንደር ውስጥ አንድ ብር መልስ ስትሰጡ መታየት ካማራችሁ እንግዲህ።

በየጊዜው ወይስ በፓኬጅ

ፓኬጅ ማለት አምስት ወይም አሥር ጊዜ አስቀድሞ ከፍሎ በቅናሽ መታሸት ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ገንዘቡ ቀድሞ ይገባል፣ ሰውየው ይመላለሳል፣ ጀርባ የሚያመው ሰው ደግሞ በአንድ ቀን እሽት ለውጥ ስለማያይ ለእሱም ይጠቅመዋል።

አደጋው ደግሞ ይህ ነው። ያ ገንዘብ የእናንተ አይደለም፣ ዕዳ ነው። አሥር ሰው አሥር አሥር ጊዜ ከገዛ መቶ ሰዓት ተበድራችኋል፣ ጣሪያችሁ በወር 130 ሰዓት ሆኖ። ገንዘቡን ለኪራይ አውላችሁት ከሆነ በቀጣዩ ወር በነጻ ስታሹ ትውላላችሁ። ዋጋው መሐል ላይ ቢወደድም የዘይቱን ጭማሪ የምትችሉት እናንተ ናችሁ።

የአምስቱን ምረጡ፣ የአሥሩን ተዉት። ቅናሹ ከ10 በመቶ አይብለጥ፤ 5 ጊዜ በ2,700 ብር። በሦስት ወር ውስጥ ካልተጠቀመበት እንደሚያበቃ ካርዱ ላይ ጻፉ። "አሥር ግዛ ስምንት ክፈል" የሚለው የ20 በመቶ ቅናሽ መሆኑን ደግሞ ከላይ ያየነውን 102 ሰው አስታውሳችሁ ፍረዱ። ገንዘቡን በሌላ አካውንት አስቀምጡት፤ አንድ ጊዜ በታሸ ቁጥር የዚያን ጊዜውን 540 ብር ብቻ አውጡ።

ለውጭ ሰው ሌላ ዋጋ?

የፋሲል ግቢ መግቢያ ቲኬት ራሱ ለውጭ ሰውና ለአገር ሰው ይለያያል፣ እኛስ ለምን አናደርግም የሚል አለ። ልዩነቱ የግቢው በግልጽ ተጽፎ መለጠፉ ነው። ማሳጅ ቤት ውስጥ የሚደረገው ፊት አይቶ መጥራት ነው። ቱሪስቱ ከአስጎብኚው ይሰማል፣ ዲያስፖራው ከእህቱ ይሰማል፣ ከዚያ ስልኩ ላይ የሚጽፈው ስለ እሽታችሁ ሳይሆን ስለ ዋጋችሁ ነው።

ደግሞም ስንት ቱሪስት አለና ነው? ከ2013 ዓ.ም. ጦርነት ጀምሮ እስካሁን የጎንደር ቱሪዝም ያለበትን የምታውቁት ነው። ቤት ኪራይ በቱሪስት ተስፋ አይከፈልም። ጥምቀት ሲደርስ የሚመጣው እንግዳ አብዛኛው የራሳችን ሰው ነው።

ከሰው ይልቅ አገልግሎቱን ለዩ። ለምሳሌ "ከሰሜን ተራሮች መልስ" የሚል የ90 ደቂቃ የእግርና የጀርባ ማሳጅ፣ በሙቅ ውሃ እግር መታጠብ ተጨምሮበት፣ በ1,200 ብር። ከደባርቅ የሚመለስ ተጓዥ ቁልቁለቱ ጉልበቱንና ባቱን ጨርሶታል፣ ለዚህ ይከፍላል። የአገር ሰውም ከፈለገ በዚያው ዋጋ ይገባል። ማንም የሚያማው የለም። ዋጋውንም በብር ጻፉት፤ በዶላር የተጻፈ ዋጋ የአካባቢውን ሰው ከበር ይመልሳል።

የራስ ክፍል፣ ሆቴል ውስጥ ወይስ ቤት ለቤት

ሆቴሎች ክፍል ሰጥተው ከየደንበኛው የሚቆርጡበት አሠራር አለ። 35 በመቶ ይወስዳሉ እንበል። ከ600 ላይ 390 ይቀራል። አንሶላና ፎጣ እነሱ ስለሚያጥቡ ወጪያችሁ ከ80 ወደ 50 ይወርዳል፤ እጅ ላይ 340። ኪራይ የለም፣ መብራት የለም፣ ወርሃዊ ወጪያችሁ ስልኩ፣ ግብሩና አልጋው ብቻ፤ 2,500 ብር።

የራስ ክፍል ደግሞ ከሰው 520 ያስቀራል፣ ግን ወር በገባ ቁጥር 16,000 ይወስዳል። ሁለቱ እኩል የሚሆኑት በወር 75 ሰው ላይ ነው። ከ75 በታች ከሆናችሁ ሆቴሉ ያዋጣችኋል፣ ከዚያ በላይ የራስ ክፍል። ስለዚህ ለጀማሪ፣ ደንበኛ ላላፈራ ሰው፣ ሆቴሉ 35 በመቶ መውሰዱ ዝርፊያ አይደለም። 40 ሰው ብቻ የመጣበት ወር ላይ ሆቴሉ ውስጥ 11,100 ይተርፋችኋል፣ የራስ ክፍል ውስጥ 4,800። ስትዋዋሉ ግን ሦስት ነገር በወረቀት ይስፈር፤ ገንዘቡን ማን ይቀበላል፣ በስንት ቀን ይከፈላል፣ እናንተ ራሳችሁ ያመጣችሁት ደንበኛ ላይም ይቆረጣል ወይ። የመጨረሻው ላይ ተከራከሩ።

ቤት ለቤት የሚባለው ከሩቅ ሲያዩት ትርፉ ንጹሕ ነው፣ ኪራይ የለውማ። ሰዓቱን ግን ከበር እስከ በር ቁጠሩት። ማራኪ ወይም አዘዞ ድረስ በባጃጅ ሄዶ፣ አልጋ ዘርግቶ፣ ቡና ጠጪ ተብሎ፣ አልጋ አጥፎ ለመመለስ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። 120 ደቂቃ በ8 ብር 960 ነው። 1,000 ብርና የባጃጅ በደንበኛው ብላችሁ ጥሩ። ሰው ተወደደ ካለ ወደ ክፍላችሁ ይምጣ፣ እዚያ 600 ነው።

ሴት ባለሙያ ከሆናችሁ ደግሞ የማታውቁት ሰው ቤት መሄድ በዋጋ የሚፈታ ጉዳይ አይደለም። ቀድሞ ክፍላችሁ ታሽቶ ለሚያውቅ ወይም በምታውቁት ሰው ለተላከ ብቻ አድርጉት። ይሄ ወደ አንድ ደስ የማይል ነገር ይወስደኛል። ማሳጅ ሲባል ሌላ ነገር የሚያስብ ሰው አለ፣ ማታ ደውሎ የሚያሽሟጥጥም አይጠፋም። ዋጋው ላይ "ከ300 ጀምሮ" ብሎ መጻፍ እንዲህ ያለውን ይጋብዛል፤ "ጀምሮ" የምትለዋ ለድርድር በር ትከፍታለችና። የአገልግሎቱን ስም፣ ደቂቃውን፣ ቁርጥ ዋጋውንና የመዝጊያ ሰዓቱን በትልቁ መለጠፍ ግማሹን ስልክ ያስቀራል።

ከወጌሻ ጋር የሚያወዳድራችሁም አይጠፋም። "ወጌሻው በዚህ ዋጋ ያሻል" ይላል። አትከራከሩት። የተወለቀና የተሰበረ የእናንተ ሥራ አይደለም፣ ወደ ሆስፒታል ላኩት። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስቶችን እያሠለጠነ በሚያወጣባት ከተማ "እናድናለን" ብሎ በሕክምና ዋጋ ማስከፈልም ቶሎ ያስጠይቃል።

ሰው ስትቀጥሩ፤ ደመወዝ ወይስ በመቶኛ

በመቶኛ 40 ብትሰጡ ከ600 ላይ 240 ብር ለሠራተኛዋ ነው። በደመወዝ 9,000 ብትከፍሉ፣ 38 ሰው ከሠራች በኋላ ደመወዙ ለናንተ ይረክሳል፤ ከዚያ በታች መቶኛው ይሻላችኋል። ለሷ ደግሞ በግልባጩ ነው፤ በመቶኛ ስትሠራ ክፉውን ወር የምትሸከመው እሷ ናት፣ ሁለት ክፉ ወር ካለፈ ደንበኞቹን ይዛ ትሄዳለች። ቅልቅሉን እመርጣለሁ፤ 5,000 ቋሚ፣ ከየሰው 100። ቲፕ ሙሉ በሙሉ የሷ ነው፤ ሣጥን አስቀምጣችሁ አትካፈሉ።

ዘመድ፣ ቀብድና ዱቤ

ዘመድን በነጻ ማሸት አይቀርም፣ አገራችን ነው። ግን ልክ አብጁለት። በወር አራት ሰዓት ለዘመድና ለጎረቤት ብላችሁ መድቡ፣ ሰኞና ማክሰኞ ጠዋት፣ በማይሸጥ ሰዓት። አምስተኛው ሲመጣ "የዚህ ወር ሞልቷል እትዬ፣ ለሚቀጥለው ልያዝልዎት" ማለት "አይሆንም" ከማለት ይቀላል። ዱቤ ግን ጨርሶ አትጀምሩ።

ዋጋ ቀንሱ የሚል ደንበኛ ሲመጣ ብሩን ሳይሆን ደቂቃውን ቀንሱ። "በ400 የ30ው አለ" ካላችሁት ሁለታችሁም ክብራችሁ ይጠበቃል።

ቀብድ ለአዲስ ደንበኛ 200 ብር በቴሌብር። ቀጠሮ ይዞ የቀረ ሰው 75 ደቂቃ ነው የሚያቃጥለው፣ ያንን ሰዓት ዳግም አትሸጡትም። ለነባር ደንበኛ አትጠይቁ፣ ይከፋዋል። ኢንተርኔት ቢጠፋም ቴሌብር በ*127# ይሠራል። ቀጠሮን በቴሌግራም ብቻ መያዝ ግን ልክ አይደለም፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የክልሉ ሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ የደንበኛ ስልክ ቁጥር ደብተር ላይ የጻፈ ሰው ነው ሥራው የቀጠለው።

መቼ ይጨመር

ሁለት ወር በተከታታይ ከጣሪያችሁ 80 በመቶ በላይ ከሸጣችሁ፣ ማለትም በእኛ ምሳሌ ከ104 ሰው በላይ፣ ዋጋችሁ ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ሌላ አልጋ ከመግዛታችሁ በፊት ዋጋ ጨምሩ። ሁሉንም በአንዴ መጨመር አንድ መንገድ ነው፤ ለአዲስ ደንበኛ ወዲያው፣ ለነባሩ ከሦስት ወር በኋላ ማድረግ ሌላው። ትንሽ ከተማ ውስጥ ሁለተኛው ያማል፤ ነባሩ ጓደኛውን ይዞ መጥቶ ሁለት ዋጋ ሲከፍሉ አስቡት። አንድ ቀን ወስኑ፣ ከወር በፊት በሩ ላይ ለጥፉ፣ ፓኬጅ የገዛ ሰው የቀረውን በድሮው ዋጋ ይጨርስ።

ወሩ ራሱ ለውጥ ያመጣል። መስከረም ላይ ሰው የልጅ ትምህርት ቤትና የዩኒፎርም ወጪ ላይ ነው። ጥር ላይ ጥምቀትም ሰርግም ስላለ ቀጠሮው ይሞላል፣ ያኔ ብትጨምሩ ግን "በዓል አይተው ጨመሩብን" ትባላላችሁ። እኔ ኅዳርን እመርጣለሁ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ማስታወቂያውን ለጥፋችሁ ኅዳር መጨረሻ ላይ ብታስጀምሩት፣ ጥምቀት ሲደርስ አዲሱ ዋጋ የተለመደ ዋጋ ሆኖ ይቆያችኋል።